ቄጤማው የሚበቅልበት ጭቃ

እትዬ ቄጤማ መሸጥ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀረውም፤ ቄጤማው የሚበቅልበትን ቦታ ግን አንድም ቀን አይተውት አያውቁም ነበር። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሚኒባሶቹ ሰው በሚያራግፉበት ጥግ፣ ሸራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ዓርብ ዓርብ ጠዋት አይሱዙ ላይ ተጭኖ የሚመጣውን ሣር ይረከባሉ፣ በትንንሹ ያስራሉ፣ ይሸጣሉ። ከየት እንደሚመጣ ሲጠየቁ በእጃቸው ወደ ምዕራብ አቅጣጫ ጠቆም አድርገው «ከውሃው» ይላሉ። ለእሳቸው ይኸው በቂ ነበር።

እትዬ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። እህል በረንዳ ጀርባ ባለው ግቢያችን ውስጥ በአንድ ግድግዳ የምንለያይ ጎረቤታችን ነበሩ። እናቴ ያረፈችው አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ ሲነሳ እትዬ ፍራሼን ጠቅልለው ወደ ቤታቸው አስገቡት። «እስክትረጋጊ ነው» አሉኝ። ሳልረጋጋ ቀረሁ መሰለኝ፣ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ እዚያው ኖርኩ።

በዚያ ቤት የማልረሳው ነገር የውሃው ጭቅጭቅ ነው። ግቢያችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነበር። ቧንቧው የሚመጣበት ቀን ሁሉም ጀሪካኑን ይሞላና ለሳምንት ይቆጥባል። እትዬ ግን ከሞሏቸው ጀሪካኖች ሁለቱን ለቄጤማው ይለያሉ። ጠዋት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ በእጃቸው እየዘገኑ ይረጩታል፣ ከዚያ በረጠበ ጆንያ ይሸፍኑታል። አንዲት ጎረቤታችን ሁልጊዜ ትቆጣ ነበር።

«ለሰው ያልበቃ ውሃ ለሣር?»

«ታጨደ እንጂ ገና አልሞተም እኮ» ይሏታል እትዬ። «ይጠማዋል።»

እውነታቸውን ነበር። የታጨደ ቄጤማ ውሃውን በቅጠሉ በኩል ማስወጣቱን አያቆምም፤ የሚተካለት ሥር ስለሌለው ነው የሚጠወልገው። ይህን በመጽሐፍ ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የዕፅዋትንና የውሃን ግንኙነት የሚያጠና የትምህርት መስክ መኖሩን ሳውቅ ምርጫው ብዙም አላስቸገረኝም።

ማስተርሴን እንደያዝኩ ለአጭር ሥልጠና ወደ ጎረቤት አገር፣ ወደ ባሕር ጠረፍ ተላክሁ። ባሕር ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። የወሰዱን ግን ሰው ወደሚዋኝበት አሸዋ ሳይሆን ወደ ጭቃው ነው። እዚያ ባሕሩ እየመጣ የሚሸፍናቸው፣ ሲመለስም ጭቃ ላይ ጥሏቸው የሚሄድ ዛፎች አሉ። ማንግሮቭ ይባላሉ። ሥራቸው ከጭቃው ላይ ብቅ ብቅ ብሎ እንደ እርሳስ ቆሟል፤ የሚተነፍሱት በእሱ ነው። አሠልጣኛችን ጠና ያለች ሴት ነበረች። ከአንዱ ዛፍ ቅጠል ቀጠፈችና «ላሽው» አለችኝ። ላስኩት። ጨው ነው።

ዛፉ የባሕሩን ውሃ ሲስብ አብዛኛውን ጨው ሥሩ ላይ ያስቀረዋል፤ አልፎ የገባውን ደግሞ ይህ ዓይነቱ በቅጠሉ በኩል ያወጣዋል። ከጨው ውስጥ ንጹሕ ውሃ መሳብ ትልቅ ልፋት ስለሆነ ያገኘውን አያባክንም፤ ፀሐይዋ ስትበረታ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ቀጥላ አሠልጣኛችን ረጅም ቱቦ አምጥታ ጭቃው ውስጥ እየተጫነች አስገባችው። ስታወጣው በቱቦው ልክ የተቆረጠ ጥቁር ጭቃ ይዞ መጣ፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ላዩ ላይ ያለው የቅርብ ጊዜ ቅጠልና ሥር ነው፣ ታቹ ደግሞ እጅግ የቆየ። ውሃው አየር ስለማያስገባ ቶሎ አይበሰብስም። ዛፉ ከአየር የወሰደው ካርቦን እዚያው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል። «ዛፉ ሲቆረጥ ሁሉም ያየዋል» አለችን ሴትየዋ። «ጭቃው ሲደርቅ ግን የሚያየው የለም። ብዙው ካርቦን ያለው እዚህ ውስጥ ነው፤ ሲደርቅ ተመልሶ ወደ አየር ይሄዳል።»

መርካቶ ስመለስ ፎቶዎቹን ለእትዬ አሳየኋቸው። እያሰሩት ያለውን ቄጤማ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስልኩን አርቀው ያዙት።

«ባሕር ውስጥ ነው የበቀለው? ጨው እየጠጣ?»

«ጨዉን ያጣራዋል። ያመለጠውን በቅጠሉ ያወጣዋል። እኔ ራሴ ልሼዋለሁ።»

«ዛፍ ላስሽ?»

«አዎ።»

«ዛፍ ለመላስ ነው በአውሮፕላን የሄድሽው?» ብለው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ ግን ፎቶውን እንደገና አዩት። «ውሃ አያባክንም አልሽ?»

«አያባክንም። ሲሞቅ ቀዳዳውን ይዘጋል።»

«እንግዲያስ አባካኙ የእኔው ነዋ» አሉና በረጠበው ጆንያ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

ዶክትሬቴን ስጀምር አማካሪዬ የሆኑት መምህር በምን ላይ ልሥራ ብዬ ስጨነቅ አይተው «እኛ ባሕር የለንም፤ ረግረግ ግን አለን» አሉኝ። የማንግሮቭን ጭቃ በሚለኩበት መንገድ የእኛን ረግረግ ብንለካውስ? ሣሩ ምን ያህል ውሃ ይጠጣል፣ ጭቃው ምን ያህል ካርቦን ይይዛል? ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ያህል የሚያስኬድ አንድ ረግረግ መረጡልኝ። የመጀመሪያ ቀን ስሄድ ቦት ጫማ አድርጌ ጭቃው ውስጥ ስንገዳገድ፣ ማጭዱን ትከሻው ላይ ያደረገ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ቆሞ ያየኛል።

«አንቺ የእትዬ ልጅ አይደለሽም?»

ዓርብ ዓርብ በአይሱዙ ቄጤማ የሚልኩላቸው ሰው ነበሩ። አልፎ አልፎ ከጭነቱ ጋር መርካቶ ሲመጡ በትምህርት ቤት ዩኒፎርም ያውቁኛል። ጋሼ እላቸው ነበር፤ ያን ቀንም ጋሼ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ያለ እሳቸው አንድም ሥራ አልሠራሁም ማለት ይቻላል። ጭቃው የሚያሰምጥበትንና የሚያስቆመውን ቦታ አሳዩኝ። የሜትሩን አንዱን ጫፍ ይዘው ይቆሙልኛል። ቱቦውን ስናስገባ ከእኔ ይልቅ የእሳቸው ክንድ ነው የሚሠራው። አንዳንዱን ቁራሽ መሬት አጭደን፣ አንዳንዱን ሳናጭድ ትተን፣ በሁለቱ ላይ ከሣሩ የሚወጣውን ውሃና ከጭቃው የሚወጣውን አየር ለካን።

በመጀመሪያው በጋ ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። የታጨደው ቦታ ፀሐይ አግኝቶት ላዩ ይደርቃል፣ ይሞቃል፣ ካልታጨደው የበለጠ ካርቦን ይተነፍሳል። በዚያው ሰሞን የወረዳው ቢሮ ሰዎች ምን እንዳገኘሁ በጽሑፍ እንዳቀርብ ጠየቁኝ። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ «ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ማጨድ ቢቆም ይመረጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። አማካሪዬ ውጭ አገር ነበሩ፤ እስኪመለሱ አልጠበቅኩም። ጋሼንም አላማከርኩም። ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እሳቸው ቤት፣ ባለቤታቸው ያቀረቡልኝን ቆሎ እየበላሁ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ያኔ እኔ ኮልፌ ቤት ተከራይቼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር እትዬ ጋ የምመጣው። ዘመን መለወጫ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በአንዱ ቅዳሜ ስደርስ ሸራቸው ባዶውን ተዘርግቷል። አይሱዙው አልመጣም።

«ሰውዬው ደወለልኝ» አሉኝ። «ማጨድ ተከልክሏል አለኝ። የተማረ ሰው አጥንቶት ነው ብለዋቸዋል።»

ጎንበስ ብዬ የሸራውን ጫፍ አስተካከልኩ።

«የአንቺ ዓይነት ሰው ይሆናላ» አሉ፣ ምንም ሳይጠረጥሩ። «እስቲ በናትሽ ጠይቂልኝ። ለበዓል ብቻ እንኳ ቢፈቅዱ።»

«እጠይቃለሁ» አልኩ።

ማንን ልጠይቅ? በማግስቱ ለጋሼ ደወልኩ። ስልካቸውን አንስተው እንደ ወትሮው ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። መከልከሉ ብቻ ሳይሆን የባሰም ነገር ነበር። ሣሩ ካልታጨደ መሬቱ ምን ይሠራል ተብሎ፣ ከጥቂት ዓመት በፊት በምሥራቁ ጫፍ የተቆፈረው የውሃ ማፍሰሻ ቦይ ወደ መሐል እንዲረዝም ተፈቅዷል። ውሃው ሲሸሽ ጎመንና ድንች ሊተከልበት ነው። ጋሼ ስለ እኔ ጽሑፍ ያውቁ ነበር። «አንቺ እንደዚህ እንዲሆን ብለሽ አይደለም» አሉኝ፣ እኔ ሳልናገር። እሱ ከስድብ በላይ አመመኝ።

ለእትዬ ግን አልነገርኳቸውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ተሸክሜው ዞርኩ።

የበዓሉ ሳምንት ሲመጣ አጠገባቸው ሎሚ የምትሸጥ ወዳጃቸው አንድ ሐሳብ አመጣችላቸው፦ ዱባይ ተራ የላስቲክ ሣር አለ፣ ሰው አሁን እሱን ነው የሚገዛው። እትዬ ሳቁባት። ሁለት ቀን ባዶ ሸራ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ግን «ነይ እስቲ አብረሽኝ ሂጂ» አሉኝ። በሰው ተገፍተን ሰውን ገፍተን፣ በተደራረቡት ሱቆች መሐል በደረጃ ወጥተን ደረስን። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ቆሟል። አረንጓዴነቱ ዓይን ይወጋል። ባለ ሱቁ ወጣት አንዱን ጥቅልል ዘርግቶ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ማዘር፣ ይሄ ውሃ አይፈልግ፣ አይጠወልግ። ዕድሜ ልክ ነው!»

እትዬ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «ምንም አይጠጣም?»

«ምንም!»

«ምንም አይሸትም» አሉ ለእኔ፣ ቀስ ብለው። ቢሆንም ገዙ።

በማግስቱ ጠዋት እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። የላስቲኩን ሣር በመቀስ ቆራርጠን ሸራው ላይ ደረደርነው። ፀሐይ ጠንከር ስትል እትዬ እንደ ልማዳቸው ጀሪካኑን አነሱ፣ በመዳፋቸው ዘግነው ረጩት። ውሃው ላስቲኩ ላይ ተንከባሎ የአንድ መንገደኛ ጫማ ላይ ፈሰሰ። ባለ ሎሚዋ በሳቅ ፈረሰች። እትዬም ሳቁ። ሰውየውን ይቅርታ ጠይቀው ጫማውን በነጠላቸው ጫፍ ሊጠርጉለት ጎንበስ ሲሉ ደግሞ እሱም ሳቀና ትቷቸው ሄደ። ከዚያ ተቀመጡ። ጀሪካኑን ከድነው ጎናቸው አስቀመጡት። እርጥብ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ሲያብሱ ፊታቸውን አየሁት፤ ከዚያ ወዲያ መቻል አቃተኝ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ጥናቱን የጻፍኩት። ማጨድ ይቁም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ቀና ብለው አላዩኝም። አንድ ደንበኛ መጥቶ ዋጋ ጠየቃቸው፣ መለሱለት፣ ሳይገዛ ሄደ።

«ሰውዬውን ጠይቀሽዋል?» አሉ በመጨረሻ።

«አልጠየቅኳቸውም።»

«እኔንስ?»

«አልጠየቅኩም።»

«ያን ሁሉ ዓመት ሣሩ በዚህ በእጄ አልፏል» አሉ መዳፋቸውን ዘርግተው። አልጮኹም። «እስቲ ዛሬ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ሄድኩ። በእህል በረንዳ በኩል፣ የጤፍ ጆንያ ከሚያራግፉት ሰዎች መሐል ሳልፍ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ከአንዱ ተሸካሚ ጋር ተጋጨሁ። በዓሉን ብቻዬን ዋልኩ። በቀጣዩ ቅዳሜ እግሬ እየተጎተተ ስመጣ ምሳዬ በሳህን ተከድኖ ተቀምጧል። በልቼ ስጨርስ ሳህኑን አነሱ።

«አሁን ስሚኝ» አሉኝ። «ስንት ዓይነት ቄጤማ እንደሚመጣልኝ ታውቂያለሽ?»

«አንድ መስሎኝ።»

«ሁለት ነው። ከአንድ ሣር ነው፣ ግን ሁለት ነው። አንዱ ወፍራም ነው፣ ስታጥፊው ውሃ ያወጣል፣ እስከ ማታ ይቆማል። ሌላው ቀጭን ነው፣ ጫፉ ቢጫ፣ የፈለገውን ያህል ብረጨው ቀትር ላይ ይተኛል። ሰውዬውን ምንድነው ይሄ ስለው ‹ከቦዩ ዳር የታጨደው ነው› ይለኛል። ቦዩ ሳይቆፈር በፊት እንዲህ ያለ መጥቶልኝ አያውቅም። ማጨድ ሣሩን የሚገድለው ቢሆን ኖሮ በዚህ ሁሉ ዓመት አይሞትም ነበር?»

የታጨደውንና ያልታጨደውን ቦታ ለክቼ አወዳድሬ እንደጻፍኩ ነገርኳቸው። ደብተሬን አውጥቼ ያሉትን መጻፍ ጀመርኩ። እያነበቡ ይመስል አንገታቸውን አስግገው አዩኝ፤ ማንበብ አይችሉም።

«የታጨደውን የለካሽው ከታጨደ በስንተኛው ቀን ነው?» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር የለካሁት። ሣሩ ተመልሶ እስኪበቅል አልጠበቅኩም።

«በሉ» አልኩ፣ «ከእኔ ጋር ይምጡና ቦታውን ይዩት።»

መጀመሪያ ጉልበቴን ያመኛል አሉ፣ ቀጥለው ሸራዬን ማን ይጠብቃል አሉ። ባለ ሎሚዋ እኔ እጠብቃለሁ ስትል ሰበብ አለቀባቸው። ማክሰኞ በጠዋት ሚኒባስ ይዘን ወጣን። መንገዱን ሁሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያዩ ነበር። ጋሼ መንገድ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን፤ ለዓመታት በስልክና አልፎ አልፎ መርካቶ ከዓርቡ ጭነት ጋር ብቻ የሚገናኙት ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ።

ዝናቡ ገና ማቆሙ ስለነበር ረግረጉ ሙሉ ነበር። አረንጓዴው እስከ ኮረብታው እግር ይደርሳል፣ ነፋስ ሲመታው ይተኛል፣ ይነሳል። እትዬ ዳሩ ላይ ቆሙ። «ይኸ ሁሉ?» አሉ። «ይኸ ሁሉ ነው እንዴ?» ጫማቸውን አወለቁ። እንዳይሄዱ ብንለምናቸው አልሰሙንም፤ በአንድ በኩል እኔ፣ በአንድ በኩል ጋሼ ይዘናቸው ገቡ። ቀዝቃዛው ውሃ ቁርጭምጭሚታቸውን ሲነካ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። ጎንበስ ብለው አንድ ሣር ነጠቁ፣ አጠፉት፣ ውሃ ወጣው። ቀና ብለው አዩኝ።

ቱቦውን አስገብተን ጭቃውን አወጣንላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

«ይህ የላይኛው የአምና ሣር ነው» አልኳቸው። «ይህ የታችኛው እርስዎ መሸጥ ሳይጀምሩ፣ ምናልባት ማናችንም ሳንወለድ የበቀለ። ውሃው ስለሸፈነው ነው ያልበሰበሰው። ያ የባሕሩ ዛፍ የሚያደርገውን ነው ይሄም የሚያደርገው።»

«ላሽው እንግዲህ» አሉኝ። ጋሼ ምን እንደሚያስቅ ሳይገባቸው ከእኛ ጋር ሳቁ።

ከዚያ ጋሼ ወደ ቦዩ ወሰዱን። እዚያ ዝናብ ዘንቦም እንኳ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ጋሼ አንድ የአጥር ቋሚ አሳዩን። ሲተክሉት እስከ ጉልበታቸው ነበር የቀበሩት፤ መሬቱ ስለሰጠመ አሁን ተነቃንቆ ሊወድቅ ደርሷል። ጭቃው አየር ሲገባበት በስብሶ አልቋል፤ ያለ እሳት ተቃጥሏል ማለት ይቀላል። አጠገቡ ጎመን የሚኮተኩት አንድ ወጣት አባወራ ነበር። እትዬ ሊወቅሱት መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ልጆቹን ቆጥረው፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ ጠይቀው፣ ምሳችንን አካፈሉትና ተለየነው።

በቀጣዮቹ ወራት ከሦስቱም ቦታ፣ ከታጨደውም፣ ካልታጨደውም፣ ከቦዩም ዳር እንደገና ለካሁ። በዚህ ጊዜ ሣሩ ተመልሶ እስኪያድግ ጠበቅኩ። የታጨደው ቦታ ሣሩ ሲመለስለት ጭቃው ረጋ፣ እንደ ሌላው ሆነ። የቦዩ ዳር ግን ቀንም ሌትም መተንፈሱን አላቆመም። አማካሪዬ ውጤቱን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ እሳቸው ሳያዩት መላኬን ያን ቀን ነው የነገርኳቸው። «ተሳስቻለሁ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። «አጭር አድርጊው። ሰበብ አታብዢ።»

ጻፍኩና ራሴ ወደ ወረዳው ቢሮ ይዤው ሄድኩ። ጋሼና ሌሎች ሦስት አጫጆች አብረውኝ ነበሩ፤ እትዬም ጉልበታቸውን እያሻሹ መጥተዋል። የቢሮው ኃላፊ ወረቀቱን አንብቦ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ባለፈው አቁሙ አልሽን፣ አሁን ቀጥሉ ትይናለሽ። የትኛውን እንመን?»

«የአሁኑን» አልኩ። «ባለፈው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ነው። እነዚህን ሰዎች ሳልጠይቅ ነው የጻፍኩት።»

  እትዬ ከኋላ ሆነው «ልጄ ናት» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ኃላፊው አያቸው፣ ወንበር እንዲያመጡላቸው አዘዘ፣ ከዚያ ወረቀቱን መልሶ አነሳው።

ሁሉም ነገር እንደ ነበረ አልተመለሰም። ማጨድ በተራ ተፈቀደ፦ በአንዱ ዓመት የረግረጉ ግማሽ፣ በሌላው ዓመት ሌላው ግማሽ። ወደ መሐል የረዘመው አዲሱ ቦይ ተደፈነ። አሮጌው ግን ቀረ፤ የጎመኑ ባለቤቶች ሌላ መሬት የላቸውም፣ ተነሱ የሚል ሰው ደግሞ የት እንደሚሄዱ መናገር ነበረበት። እኔም አልቻልኩም። በተደፈነው በኩል ውሃው በአንድ ክረምት ተመለሰ፣ ሣሩም ተከተለው። ጭቃው ያጣውን መልሶ እስኪያጠራቅም ግን ከእኔም ከጋሼ የልጅ ልጆችም ዕድሜ ያልፋል።

እትዬ አሁን የሚሸጡት ለበዓል ሰሞን ብቻ ነው። ጉልበታቸው ከዚያ በላይ አይፈቅድላቸውም። የቀረውን ጊዜ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፣ ከመጣ ከሄደው ጋር ይጫወታሉ።

አምና ጥናቴ ሊታተም ሲል ለረዱኝ ሰዎች ምስጋና የማቀርብበት ቦታ ደረሰ። እትዬ ጋ ሄጄ ስማቸውን ላስገባው እንደምፈልግ ነገርኳቸው። 

«የሰውዬውን አስቀድሚ» አሉኝ። «ጭቃው ውስጥ የቆመው እሱ ነው።»

«እሺ። የእርስዎን ሥራ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ነጋዴ በይ» አሉ ወዲያው። ከዚያ ሐሳባቸውን ቀየሩና እጃቸውን አነሱ። «ኧረ ቆይ። ነጋዴማ መርካቶ ሙሉ ነው። ቄጤማ ነጋዴ በይ።»

እንዳሉት ጻፍኩ። ያን ዕለት ለጋሼ ደውዬ አነበብኩላቸው፤ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ እትዬ ጉልበት ላይ አስቀምጬው ነበር። ጋሼ ስማቸውን ሲሰሙ ሁለቴ አስደገሙኝ። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጋሼ ባለቤት ጤና፣ ስለ አይሱዙው ሾፌር ብዙ አወሩ፤ እኔ መኖሬን የረሱ ይመስለኛል።